ጭቃ የሚያምሰው ዓሣ

ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ሲደፈርስ ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው በፍሳሹ ላይ ነው። ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና ነገሩ ሲነሳ የምጠቅሰው በሆላንድ የሚገኘውን የቬሉወሜር ሐይቅ ነው። አማካይ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከፍሳሽ በመጣ ፎስፎረስ አልጌ ወረረው። በ1979 ፎስፎረሱን ከፍሳሹ ማጣራት ተጀመረ፤ ፎስፎረሱ ቀነሰ፣ ውኃው ግን ለዓመታት አልጠራም።

ለምን? ብሬም የሚባል ዓሣ ነበረበት። ትልልቁ ምግብ ፍለጋ ጭቃውን ያምሳል፣ ሥር ሊሰድ የሚሞክረውን የውኃ ሣር ይነቅላል፤ ትንንሹ ደግሞ አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ይለቅማል። ብርሃን ታች ካልደረሰ ሣር አይበቅልም፤ ሣር ከሌለ ጭቃውን የሚይዘው የለም። በ1990ዎቹ ብሬሙ በመረብ በብዛት ሲወጣ ሣሩ ተመለሰ፣ ውኃውም ጠራ።

ታዲያ «ዝዋይም ካርፕ አለ፣ እናውጣው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ቸኩለዋል። ካርፕ ጭቃ ቆፋሪ መሆኑ እውነት ነው። ዝዋይ ግን አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ ብቻውን ታቹን ያናውጠዋል፤ መቂና ከታር ወንዞችም አፈር ይዘውበት ይገባሉ። ደግሞስ ካርፑ የአስጋሪው እንጀራ አይደለም እንዴ? እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን አስቀድሜ የማውለው ከሐይቁ በላይ ያለውን አፈር በመያዝ ላይ ነው፤ መረቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።