የአውሮፓ አይብ፦ ወተቱ በምን ረጋ?

በእኛ ቤት አይብ የሚወጣው አሬራን በእሳት በማሞቅ ነው። በአውሮፓ ግን አብዛኛው አይብ የሚረጋው ሬኔት በሚባል ኢንዛይም ነው። ሬኔት በጥንቱ ልማድ የሚገኘው ወተት ከሚጠባ ጥጃ ወይም ግልገል ጨጓራ ነው። «እንስሳው እንዴት ታረደ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም ለዚህ ነው።

አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል። የጣሊያኑ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ በደንቡ መሠረት የሚረጋው በጥጃ ሬኔት ሲሆን ቢያንስ 12 ወር ይቆያል። ፔኮሪኖ ሮማኖ ደግሞ የበግ ግልገል ሬኔት ይገባበታል። በፖርቱጋል ሴራ ዳ ኢሽትሬላ የተባለው የበግ ወተት አይብ የሚረጋው በእሾሃማ ተክል አበባ ነው። በብሪታንያ ብዙው ቸዳር ከእንስሳ ባልተወሰደ ኢንዛይም ስለሚሠራ «ሥጋ ለማይበሉ የሚስማማ» የሚል ምልክት ይደረግበታል።

በሸሪዓ ካልታረደ እንስሳ የተወሰደን ሬኔት በተመለከተ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ ሲፈቅዱት የሻፊዒይ መዝሀብ አይፈቅደውም። የምትከተሏቸውን ዑለማ ጠይቁ።

ለጤናም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግሪኩ ፌታ በጨው ውሃ ውስጥ ስለሚቆይ የደም ግፊት ያለበት ሰው በልኩ ይመገበው። የፈረንሳዩ ካማምቤር ደ ኖርማንዲ የሚሠራው ካልተፈላ ጥሬ ወተት ነው፤ እንዲህ ያለው ለስላሳ አይብ ሊስቴሪያ የተባለ ተህዋስ ሊኖርበት ስለሚችል ነፍሰ ጡር እናቶች ሊርቁት ይገባል።

ስለዚህ አይብ ስንገዛ ስሙን ብቻ አይተን አንለፍ፤ በማሸጊያው ላይ የሬኔቱን ምንጭ እንፈልግ። ካልተጻፈ አምራቹን እንጠይቅ።