ብርድ ገባ ወይስ ሙቀት ወጣ?

አንባቢ ሆይ፤ አመክንዮ የሚባለው ነገር በትልልቅ መጻሕፍትና በኮሌጅ አዳራሽ ብቻ የሚገኝ አይምሰልዎ። ከማድ ቤት፣ ከእቁብ ማኅበር፣ ልጆች ከሚጫወቱበት ስልክ ውስጥም አለ። በየቀኑ «ስለዚህ» እያልን የምንሰጠው ፍርድ ብዙ ነው። አብዛኛው ቢሳሳትም ከሳቅ በቀር የሚያስከትለው ነገር የለም። አንዳንዱ ግን ነፍስ ያጠፋል። እስቲ ሦስቱን ብቻ አንሥተን እንመርምር።

መጀመሪያ ከቋንቋችን እንነሣ። «በሩን ዝጋው፤ ብርድ ገባ» እንላለን። «ብርድ መታኝ» እንላለን። ሌሊት የምንደርበውንም «ብርድ ልብስ» ብለን ሰይመነዋል። በአነጋገራችን ብርድ በር ሰብሮ እንደሚገባ ጠላት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ግን ብርድ የሙቀት ማነስ እንጂ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም ይለናል፤ ሙቀትም ምን ጊዜም ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል።

«ጋቢ ያሞቃል» የሚለውንም ይፈትኑት። ከሁለት እኩል የበረዶ ቁራጮች አንዱን በጋቢ ጠቅልለው፣ ሌላውን በሳሕን ላይ ይተዉት። ጋቢው ሙቀት የሚያመነጭ ቢሆን ኖሮ የተጠቀለለው ቀድሞ በቀለጠ ነበር። ቀድሞ የሚቀልጠው ግን የተራቆተው ነው። ጋቢው ሙቀት ወደ በረዶው እንዳይገባ፣ ከሰው ገላም እንዳይወጣ የሚከለክል ዘበኛ ነው። ምድጃው ራስዎ ነዎት፤ ዐርፎ የተቀመጠ ሰው አካል የ100 ዋት አምፑል ያህል ሙቀት ያወጣልና።

ይህን ማለቴ አነጋገራችን ይለወጥ ለማለት አይደለም። ፀሐይ «ወጣች» ማለታችን የምድርን መዞር ከማወቅ አልከለከለንም። ጉዳቱ የሚመጣው የለመድነውን ቃል እንደ ማስረጃ የቈጠርነው እንደ ሆነ ነው።

ሁለተኛው የጨዋታ ነገር ነው። «ሦስት ጊዜ ተሸነፍሁ፤ እንግዲህ ተራው የኔ ነው» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ዘውድ ወይስ ጎፈር ብለው ሳንቲም ቢያሽከረክሩና አምስት ጊዜ ተከታትሎ ጎፈር ቢወጣ፣ በስድስተኛው ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ያው ግማሽ በግማሽ ነው። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1913 በሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት ኳሷ 26 ጊዜ ተከታትላ በጥቁሩ ላይ ዐርፋለች። «አሁንስ ቀዩ ደርሷል» እያሉ ገንዘባቸውን በቀዩ ላይ የደረደሩት ሰዎች ኪሳቸው ተራቁቶ ወጡ።

«እንግዲያው ተራዬ ደረሰ ማለት ሁልጊዜ ስሕተት ነው?» ቢሉኝ፣ አይደለም እላለሁ። ዐሥር አባላት ያሉትን እቁብ ይመልከቱ። በመጀመሪያው ዕጣ የሚደርስዎ ዕድል ከዐሥር አንድ ነው። ስድስት ሰዎች ከወሰዱ በኋላ ከአራት አንድ ይሆናል። ዘጠኙ ከወሰዱ በኋላ ግን ያለ ጥርጥር የእርስዎ ነው። የወሰደ ሰው ስም ተመልሶ ከዕጣው ስለማይገባ፣ እቁብ ያለፈውን ያስታውሳል።

ይኸው ልዩነት በቪዲዮ ጨዋታም ይገኛል። ሩሲያዊው አሌክሴይ ፓዢትኖቭ በ1984 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የፈጠረውን ቴትሪስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከላይ የሚወርዱት ቅርጾች ሰባት ዐይነት ናቸው። በኋላ በተሠሩት በብዙዎቹ ቴትሪሶች ሰባቱ ቅርጾች እንደ እቁብ ዕጣ በአንድ ከረጢት ገብተው፣ ሁሉም ሳይወጡ ከረጢቱ እንደገና አይሞላም። በእንዲህ ያለው ጨዋታ «ረጅሙ ዘንግ ሊመጣ ነው» ብሎ መጠበቅ ብልኅነት ነው፤ በሳንቲም ላይ ግን ሞኝነት። ስለዚህ ከመፍረድ አስቀድሞ «ይህ ነገር እቁብ ነው ወይስ ሳንቲም?» ብሎ መጠየቅ ያሻል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የሐምሌ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም። በጠባብ የኪራይ ክፍል የሚያድር ተማሪ ወይም አዲስ ተቀጣሪ ቡናው ከተፈላ በኋላ ማንደጃውን ከአልጋው አጠገብ ያስቀምጥና በሩን ይዘጋል። ምክንያቱንም ቢጠይቁት፣ «ጭስ ይጎዳል፤ ይህ ከሰል ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፤ ስለዚህ አይጎዳም» ይላል።

ይህን አነጋገር በሌላ ልብስ እናልብሰው። «ውሻ ሁሉ እንስሳ ነው፤ ድመት ውሻ አይደለችም፤ ስለዚህ ድመት እንስሳ አይደለችም።» በዚህኛው እንስቃለን፤ በፊተኛው ግን እንተኛበታለን! ከቀላው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይከተላል። የተኛ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይሰማው ያልፋል።

«አምናም ታች አምናም እንዲህ አድረን ምንም አልሆንን» የሚል አለ። እንዲህ ብሎ የሚመሰክረው በሕይወት ያደረው ብቻ ነው፤ ያላደረው ለምስክርነት አይቀርብም። ደግሞም ያለፈው ሌሊት ደኅንነት ለዛሬው ዋስ አይሆንም። አባቶቻችን «ጭስ መውጫ አያጣም» ሲሉ የተረቱት በሣር ክዳን ጎጆ ነው፤ በዚያ ቤት ነፋስ በክዳኑም በግድግዳውም ይመላለሳል። በብሎኬት ተሠርቶ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ በብረት በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን መውጫ ያጣል።

እንግዲህ ከሰሉን ከደጅ ያቀጣጥሉት። ቡናው በሚፈላበት ጊዜ በርና መስኮት ይከፈት። ከመተኛትዎ በፊት ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ ያውጡት። በክፍሉ ሳሉ ራስዎን ካመመዎ ምክንያቱን ለመመርመር አይቀመጡ፤ ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካገኙም በሩን ከፍተው ወዲያው ወደ ውጭ ያውጡት፤ ወደ ሐኪም ቤትም ያድርሱት።

ለሌሊቱ ብርድ ጋቢዎን ደርበው ይደራርቡ፤ እግርዎንም በካልሲ ይሸፍኑ። ምድጃው እርስዎ መሆንዎን ቀደም ብለን ተነጋግረናል። ጎረቤትዎ «ከሰሉ እኮ ቀልቷል» ያለዎት እንደ ሆነም፣ የውሻውንና የድመቷን ነገር ያጫውቱት። እየሣቀ ማንደጃውን ያወጣ ይሆናል።