ስለ ራውተር የአድራሻ እደላና ስለ ፖርት ማስተላለፍ አጭር ማብራሪያ

ቤት ተጋርተን ለምንኖር ተማሪዎች ራውተሩም የጋራ ነው። ከኢንተርኔት ድርጅቱ አንድ አድራሻ ተቀብሎ ለየኮምፒዩተሩ እንደ 192.168.1.20 ያለ የውስጥ አድራሻ ያድላል። እደላው ግን ኪራይ እንጂ ርስት አይደለም፤ ይኸውም ጊዜው ሲያበቃ ቁጥሩ ለሌላ መሣሪያ ሊሰጥ ይችላል።

ስለሆነም ከውጭ ሆኖ በቤቱ ያለውን ኮምፒዩተሩን ለማግኘት ፖርት የሚያስተላልፍ ጓድ፣ አስቀድሞ በራውተሩ ገጽ ላይ የኮምፒዩተሩን ማክ አድራሻ አስመዝግቦ ቋሚ ቁጥር ያስይዝለት። ይህን ሳያደርግ ፖርት 22ን ወደ 192.168.1.20 ቢመራ፣ ከሳምንት በኋላ በሩ የሚከፈተው በሌላው የቤቱ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ደግሞ ወሬውንም አልሰማ! የዊንዶውስ የርቀት መቆጣጠሪያ የሆነውን 3389ንማ ለዓለም ክፍት መተው ጭራሽ አይገባም፤ ክፍት ፖርት ሲያስሱ የሚውሉ የሚያድሩ ፕሮግራሞች ሞልተዋል።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም እምቢ ካለ፣ ራውተሩ ከውጭ የተቀበለውን አድራሻ እንመልከት። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ ድርጅቱ አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ቤቶች አካፍሏል ማለት ነው፤ ይህ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ተግባር የተለየ ነው። በዚህ ጊዜ ራውተሩን መነካካት ከንቱ ድካም ስለሆነ፣ ለቤቱ ብቻ የሚሆን አድራሻ ድርጅቱን መጠየቅ ይሻላል።