ከካርድ ክፍል የሚጀምር ሙያ፦ በሽታን በኮድ መመዝገብ ለዋግ ኽምራ ምን ይጠቅማል?

ሰቆጣ፦ ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ወረዳ የታመመ ሕፃን አዝላ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የምትመጣ እናት ብዙውን ጊዜ ከሐኪሙ በፊት የምታገኘው የካርድ ክፍል ሠራተኛን ነው። ሕፃኑ ታክሞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላም የካርዱ ሥራ አያበቃም። ሐኪሙ የጻፈው የበሽታ ስም ተነብቦና በዓይነቱ ተመድቦ እስከ ጤና ሚኒስቴር ድረስ በቁጥር ይተላለፋል። የመድኃኒት፣ የአልሚ ምግብና የባለሙያ ፍላጎት የሚታቀደውም ይህን ቁጥር መነሻ በማድረግ ነው።

በሌሎች አገሮች ሆስፒታሎች ለዚህ ተግባር ብቻ ጀማሪ ሠልጣኞችን ቀጥረው ያስተምራሉ። በኢትዮጵያ ሥራው በአመዛኙ የሚከናወነው በጤና መረጃ ባለሙያዎች ነው። ወደ ሙያው ለመግባት በጤና ሳይንስ ኮሌጆች እስከ ደረጃ 4 ሠልጥኖ የብቃት ምዘና ማለፍ አንዱ መንገድ ሲሆን፣ ጎንደርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በጤና ኢንፎርማቲክስ በዲግሪ ያስተምራሉ።

የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1893 ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው። ከ1948 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ኃላፊነቱን ተረክቦ ዝርዝሩን ሲያሻሽል ቆይቷል፤ 11ኛው እትም በ2019 ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ዓላማው ሰቆጣ ላይ የተመዘገበ በሽታ አዲስ አበባም ሆነ ጄኔቫ ላይ በአንድ ዓይነት ትርጉም እንዲነበብ ማድረግ ነው።

ለምሳሌ በ10ኛው እትም ፋልሲፋረም በተባለው ተሕዋስ የሚመጣ ወባ «ቢ 50»፣ ቫይቫክስ በተባለው የሚመጣው ደግሞ «ቢ 51» ይባላል። ዓይነቱ ሳይለይ «ወባ» ተብሎ ብቻ የተጻፈው «ቢ 54» ይሆናል። ሁለቱ የወባ ዓይነቶች የሚታከሙት በተለያየ መድኃኒት በመሆኑ፣ ሳይለይ የሚመዘገበው ሲበዛ በቆላማ የተከዜ ዳርቻ ለሚገኙ ቀበሌዎች የትኛው መድኃኒት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መገመት አስቸጋሪ ይሆናል።

ስለዚህ ጀማሪ ባለሙያ ቀድሞ የሚማረው ትልቁ ትምህርት አለመገመት ነው። ካርዱ ላይ «ሳል» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ሳል ተብሎ ይመዘገባል እንጂ የሳንባ ምች ሊባል አይገባም። ጽሑፉ ካልተነበበ ወይም እርስ በርሱ ከተጋጨ ወደ ጻፈው ሐኪም ተመልሶ መጠየቅ ግድ ነው። ጀማሪው ሐኪምን ለመጠየቅ ቢያፍር፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በታካሚውና በአካባቢው ላይ ነው።

በዋግ ኽምራ ሥራው የራሱ ፈተናዎች አሉት። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በመጠሪያ ስሙ፣ ሌላ ጊዜ በክርስትና ስሙ ከተመዘገበ ሁለት ካርድ ይኖረዋል፤ ያለፈው የሕክምና ታሪኩም ከሐኪሙ ዓይን ይሰወራል። ኽምጣንግ ተናጋሪ ለሆነ ታካሚ ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቅ መዝጋቢ ማግኘት ስሕተትን ይቀንሳል። የዞኑን ወጣቶች በሙያው ማሠልጠን ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱም ይኸው ነው።

ዕድሜም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በከተማዋ ስም የሚጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዓላማው እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ማስቀረት ነው። መቀንጨር የሚለካው ቁመትን ከዕድሜ ጋር በማነጻጸር ነው። የ18 ወር ሕፃን በግምት «2 ዓመት» ተብሎ ቢጻፍ፣ ያልቀነጨረው የቀነጨረ ሊመስል ይችላል፤ ዕድሜው አንሶ ቢጻፍ ደግሞ የቀነጨረው ጤናማ ይመስላል። እናት የልደቱን ቀን በትክክል ባታስታውስ እንኳ «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለአጨዳ ነው ወይስ ለዘር?» ብሎ መጠየቅ ወደ እውነቱ ያቀርባል። በአጣዳፊ የምግብ እጥረት መክሳት ደግሞ ከመቀንጨር የተለየ ስለሆነ ሁለቱ ሊደባለቁ አይገባም።

መዝገቡ ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጋርም ይያያዛል። ጤና ተቋሙ ለአባሉ የሰጠውን ሕክምና ወጪ ሲጠይቅ ማስረጃ የሚሆነው በካርዱ ላይ የሰፈረው ነው። በሌላ በኩል ባለሙያው በሥራው ምክንያት የጎረቤቱን፣ የዘመዱን ወይም የመምህሩን ሕመም ሊያውቅ ይችላል። እንደ ሰቆጣ ባለ፣ ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ያነበቡትን ምስጢር መጠበቅ የሙያው ዋና ግዴታ ነው።

ተገልጋዩም ድርሻ አለው። የካርድ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት አለመጣል፣ በእያንዳንዱ ጉብኝት አንድ ዓይነት ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር መናገር፣ ቀበሌንና ጎጥን በትክክል ማስመዝገብ፣ የልጅን የክትባት ካርድ ይዞ መምጣት መዝገቡን ያቃናሉ። ሕፃኗ በትክክል ስትመዘገብ ለቀጣዩ ዓመት በሚታቀደው አልሚ ምግብና መድኃኒት ውስጥ ትቆጠራለች፤ ካልተመዘገበች ግን ታማ የነበረ መሆኗን የምታውቀው እናቷ ብቻ ናት።