ማተሚያ ቤት ለምን ይዘገያል?

የኅትመት ሥራ አዝዞ «ነገ ተመለስ» ያልተባለ ሰው ጥቂት ነው። የፈተና ጥራዝ ከፈተናው ቀን በኋላ፥ የቀን መቁጠሪያም ዓመቱ ከገባ በኋላ ሲደርስ፥ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚላከከው በመኪናው እርጅና ነው። ነገር ግን አንዱን ሥራ ከትእዛዝ እስከ ርክክብ እየተከተለ ሰዓቱን የመዘገበ ሰው፥ ወረቀቱ በመኪና ላይ የዋለበት ጊዜ ጥቂት፥ ተራ ሲጠብቅ የሰነበተበት ግን ብዙ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን ጥበቃ እንደ ብክነት ቈጥረው ከታገሉት መካከል የጃፓን የቶዮታ ሰዎች ይገኛሉ። በ1969 እ.ኤ.አ. በዚያ ፋብሪካ የአንድ ትልቅ የብረት መጫኛ መኪና ቅርጽ ማውጫ ለመለወጥ 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር። መሐንዲሱ ሺጌዎ ሺንጎ፥ መኪናው ሳይቆም ሊሰናዳ የሚችለው ሁሉ አስቀድሞ እንዲሰናዳ በማድረግ፥ መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ ኋላም ወደ 3 ደቂቃ አወረደው። በማተሚያ ቤትም ቢሆን አንዱ ሥራ ሲታተም የሚቀጥለው ፕሌት፥ ወረቀትና ቀለም ሊዘጋጅ ይችላል። ደግሞም ከጥቁር ቀለም በፊት ቢጫው ቢታተም እጥበቱ ይቀላል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የተራው ነገር ነው። አንድ ማተሚያና አንድ መጠረዣ ያለው ቤት ሦስት ሥራ ተቀበለ እንበል። የፈተናው ጥራዝ ለማተም 1፥ ለመጠረዝ 4 ሰዓት፤ መጽሐፉ 6 እና 5፤ የቀን መቁጠሪያው 3 እና 2 ይፈልጋል። ታትሞ ያላለቀ ሥራ አይጠረዝም። ከቀን መቁጠሪያው ተጀምሮ፥ መጽሐፉ ተከትሎ፥ ፈተናው መጨረሻ ቢሆን ሁሉም የሚያልቀው በ18 ሰዓት ነው። ተራው ቢገለበጥ በ14 ሰዓት ያልቃል! መኪናውም ሠራተኛውም ያው ነው፤ የተቀነሰው ጠራዡ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው።

ሕጉን በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆንሰን ነው። ከሁሉ አጭሩ ሰዓት ይፈለጋል፤ የማተም ሰዓት ከሆነ ያ ሥራ ይቀድማል፥ የጥረዛ ከሆነ መጨረሻ ይሆናል፤ በቀሩትም እንዲሁ ይደረጋል። ሆኖም ይህ ሕግ የርክክብን ቀን አይመለከትም። ለዚያ ጃክሰን በ1955 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይሻላል፤ በአንድ መኪና ላይ የርክክቡ ቀን የቀረበው ሥራ ሁልጊዜ ቢቀድም፥ ከሁሉ የከፋው መዘግየት በተቻለ መጠን ያንሳል። በስልክ የጮኸው ባለጉዳይ ይቅደም የሚል ሕግ ግን ከሁለቱም ዘንድ የለም።

ሰሌዳው እንዲህ ከተሠራ በኋላም የሚያፈርሰው አንዳንድ ጊዜ አዛዡ መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። የእርማቱን ወረቀት ጸሐፊው ወይም ሹሙ በጠረጴዛው ላይ 5 ቀን አሳድሮ ሲመልሰው፥ መኪናው ሌላ ሥራ ይዞ ይቈየዋል።