ያውቁ ኖሯል? የቴሌስኮፕ ሰዓት የሚሰጠው ስም ሳይታይ ነው

በጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ለመመራመር ገንዘብ አይከፈልም፤ ዜግነትም አይጠየቅም። የሚጠየቀው ጥሩ ሐሳብ ነው። ፉክክሩ ግን ብርቱ ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ለአራተኛው የምርምር ዙር ወደ 2,400 የሚጠጉ ማመልከቻዎች ቀርበው በድምሩ 78,000 ሰዓት ያህል ጠይቀዋል። ይህም ሊሰጥ ከሚችለው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ነበር።

በመጀመሪያው የምርምር ዙር ከ75 ሰዓት በላይ የሚጠይቅ ጥናት «ትልቅ» ተብሎ ይመደብ ነበር። ለአንድ ቡድን ይህን ያህል ጊዜ መስጠት ሌሎች ብዙ ጥናቶችን ማስቀረት ስለሆነ፣ አመልካቹ ሥራው በጥቂት ሰዓት የማያልቅበትን ምክንያት አሳማኝ አድርጎ ማስረዳት አለበት። መረጃውንም ለብቻው አይዝም፤ በመደበኛው አሠራር የትልልቅ ጥናቶች ምልከታ ወዲያው ለዓለም ተመራማሪዎች ሁሉ ክፍት ይሆናል። ተገቢም ነው፤ ሰማዩ የሁሉም ነውና።

ከሁሉ ይበልጥ ደስ የሚያሰኘው የአመዛዘኑ ለውጥ ነው። በሀብል ቴሌስኮፕ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገምጋሚዎች የአመልካቾችን ስም አያዩም። በዚያው በመጀመሪያው ዙር በሴቶች የተመሩ ማመልከቻዎች የማለፍ ዕድል ከወንዶቹ በለጠ። ልዩነቱ ጠባብ ቢሆንም፣ ጥናት በተደረገባቸው 18 ዓመታት ውስጥ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር።

ዌብም ከመጀመሪያው ዙር አንስቶ ይህንኑ ደንብ ተከተለ። በዚያ ዙር ከአመልካቾች ሁሉ ትልቁን ድርሻ፣ ከ200 ሰዓት በላይ፣ ያገኘው ኮስሞስ-ዌብ የተባለው የጋላክሲዎች ቅኝት ነው። መሪዎቹ ኬትሊን ኬሲ እና ጄሃን ካርታልቴፔ የተባሉ ሁለት ሴት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ናቸው።