ቴምስ አፍ ላይ ያልተሠራው ኤርፖርት

አውሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም ነፋስን ፊት ለፊት መግጠም ይመርጣል። ለንደን ውስጥ ነፋስ አዘውትሮ የሚነፍሰው ከምዕራብ ነው፤ ሂትሮው ኤርፖርትም የሚገኘው ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ አውሮፕላኖች ወደዚያ የሚወርዱት የለንደንን ሰማይ አቋርጠው ነው። የመውረጃቸው ዝቅዝቃት 3 ዲግሪ ስለሆነ፣ ማኮብኮቢያው ሊደርሱ 10 ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው ከፍታቸው 500 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሥር ያለው ቤት ሁሉ ይሰማዋል።

ኤርፖርቱን በስተምሥራቅ፣ ቴምስ ከባሕር ወደሚቀላቀልበት ቢወስዱትስ? ነፋሱ ያው ነው፤ አውሮፕላኖቹ ግን በውሃ ላይ ዝቅ እያሉ ይመጣሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ማፕሊን ሳንድስ በተባለ አሸዋማ ጠረፍ ላይ ኤርፖርት እንዲሠራ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ የነዳጅ ቀውስ መጣና በዓመቱ ተሰረዘ። በኋላ የለንደን ከንቲባ ቦሪስ ጆንሰን ነፍስ ዘሩበት፤ ጋዜጦችም «የቦሪስ ደሴት» አሉት። በ2011 ደግሞ አርክቴክቱ ኖርማን ፎስተር ግሬይን በምትባለው ጠረፍ ላይ የሚሠራ፣ 4 ማኮብኮቢያና በዓመት 150 ሚሊዮን መንገደኛ የማስተናገድ አቅም ያለው ኤርፖርት ንድፍ ይዘው ቀረቡ።

የጠረፉ ረግረግ ግን ባለቤት አለው። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የውሃ ወፎች ብርዱን የሚያሳልፉት እዚያው ጭቃ ላይ እየለቀሙ ነው። ወፍ ቀላል ፍጥረት ናት፤ ሆኖም የግጭት ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ የአውሮፕላኑ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አደጋውን ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያስፈልግም፦ በ1988 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጭቶ 35 ሰዎች ሞተዋል።

ሌላም ነገር አለ። በ1944 የሰመጠችው የአሜሪካ ጭነት መርከብ ሪቻርድ ሞንትጎመሪ፣ 1,400 ቶን ገደማ ፈንጂ እንደታቀፈች በዚያው ውሃ ውስጥ ተቀምጣለች።

ወፉና ፈንጂው ለወሬ ይመቻሉ። ከበድ ያለው ጥያቄ ግን መንገደኛውና ሠራተኛው እዚያ በምን ይደርሳሉ የሚለው ነበር። ሞንትሪያል ይህን በውድ ዋጋ ተምራዋለች። ሚራቤል የተባለው ግዙፍ ኤርፖርቷ በ1975 ከከተማው ርቆ ተከፈተ፤ የታሰበለት ባቡር ሳይመጣ ቀረ፣ አሮጌው ዶርቫልም አልተዘጋ። ሚራቤል በ2004 መንገደኛ ማስተናገዱን አቆመ። ሆንግ ኮንግ ግን በ1998 አሮጌውን ካይ ታክ ዘግታ በአንድ ሌሊት ወደ ደሴት ስትዛወር፣ ባቡሩም አብሮ ሥራ ጀመረ፤ መሐል ከተማ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ለንደንም እንዲህ ካደረገች ሂትሮውን መዝጋት ነበረባት፤ በረራ የሚቀይር መንገደኛ የሚመጣው አየር መንገዶች በአንድ ቦታ ሲሰባሰቡ ነውና። ምዕራብ ለንደን ውስጥ በኤርፖርቱ ዙሪያ የተተከለው ሥራ፣ ሆቴልና መኖሪያ ግን በአንድ ሌሊት አይነቀልም። መንግሥት ጉዳዩን እንዲያጠና ያቋቋመው፣ በሃዋርድ ዴቪስ የሚመራው ኮሚሽን በ2014 ወጪውን ከ70 እስከ 90 ቢሊዮን ፓውንድ ገምቶ ዕቅዱን ውድቅ አደረገ፤ በዓመቱም ሂትሮው ላይ ሦስተኛ ማኮብኮቢያ ይጨመር አለ። ፍርዱ ትክክል ይመስላል፤ የጩኸቱን ጥያቄ ግን አልመለሰም።

ጆንሰን ሦስተኛው ማኮብኮቢያ እንዳይሠራ ዶዘር ፊት እስከ መተኛት እንደሚደርሱ ዝተው ነበር። ፓርላማው በ2018 ድምፅ ሰጥቶ ሲያጸድቀው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆንሰን ለሥራ አፍጋኒስታን ሄደው ነበር።